ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ሪቅቃ ግቢ

ደጀን በእስራኤል፣ በሀደራ ከተማ፣ የአውቶቡስ ነጂ ነው። ቤት ኤሊዔዘር ከሚባለው ሰፈር ተነስቶ፣ በሀደራ ገበያ በኩል አድርጎ፣ ሀደራ ምዕራብ ባቡር ጣቢያ የሚያደርሰው መስመር የእሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ቴል አቪቭና ወደ ሃይፋ ሥራ የሚጣደፈውን ሰው ሁሉ በመልኩ ያውቀዋል። አንድ ጠባይ አለው፤ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ከተሳፈረ፣ ተቀምጦ ዘንቢሉን በጉልበቱ መካከል እስኪያደላድል ድረስ አውቶቡሱን ከቦታው አያነቃንቅም። ከኋላ «ነሃግ! ምን ትጠብቃለህ? ባቡሩ ሊያመልጠን ነው!» ብሎ በነጂው ላይ የሚጮህ አይጠፋም። ደጀን በመስታወቱ ያየዋል እንጂ አይመልስለትም። ማርሹን የሚያስገባው ሽማግሌው ሲቀመጥ ብቻ ነው።

ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣ ሚስቱ አለምወርቅ ታውቃለች። ደጀን ወጣት ሳለ ከወገራ ተነስቶ በእግሩ ወደ ሱዳን ሲወርድ መንገድ ላይ ወባ ጣለው። አብረውት የሚጓዙት ሰዎች ዘመዶቹ አልነበሩም፤ ቢሆንም ጥለውት አልሄዱም። እየተፈራረቁ አዝለው ከድንበር አሻገሩት። ትኩሳቱ ለቆት ዐይኑን ሲገልጥ እነሱ ወደ ሌላ መጠለያ ተወስደው ነበር። ስማቸውን እንኳ አልያዘም። እስራኤል ገባ፣ አገባ፣ ልጅ ወለደ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ ያዘሉትን ሰዎች ግን በሰርግም በለቅሶም ቢያጠያይቅ አላገኛቸውም። «ምስጋናዬ ባለቤት አጥቶ እጄ ላይ ቀረ» ይላል። «እንግዲህ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እየቆነጠርኩ እሰጠዋለሁ።»

ልጁ ራፋኤል የውትድርና አገልግሎቱን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው፣ በፈረንጆች 2007 መገባደጃ ላይ፣ ለሰንበት ወደ ቤቱ ሲመጣ የተሳፈረባት መኪና በዝናብ ተንሸራታ ተገለበጠች። ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ደቅቆ ስለነበር ሐኪሞቹ ከውጭ በኩል በብረት ቀለበት አስረው፣ አጥንቱ እስኪገጥም ወራት እንደሚፈጅ ነገሩት። ሆስፒታሉ ሲያሰናብተው ሌላ ጭንቅ መጣ። የነደጀን ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሕንጻው አሮጌ ስለሆነ ማዓሊት፣ አሳንሰር የሚባል የለውም፣ በደረጃ ብቻ ነው የሚወጣው። የመጀመሪያ ቀን የሰፈሩ ጎረምሶች ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸክመው አወጡት። ለሕክምና ሲወርድ ተሸከሙት፤ ሲመለስ ተሸከሙት። ከዚያ ራፋኤል እንቢ አለ።

«እንደ ሬሳ አልሸከምም» አለ። «ከእንግዲህ አልወርድም። ከወረድኩም አልወጣም።»

አባትየው በማግስቱ አውቶቡሱን ሲነዳ ፊቱ ጨለማ ለብሶ ነበር። ሪቅቃ የሚባሉ፣ ከሮማንያ የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ወደ ገበያ ሊወርዱ ተሳፈሩ። ከነደጀን ሕንጻ ፊት ለፊት፣ ከመተላለፊያው ማዶ፣ ግቢ ባላት አሮጌ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ከደጀን ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበራቸውም። የዚያን ቀን ግን ከጀርባው ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ዘንቢላቸውን አደላድለው ሲያበቁ፣

«ደጀን፣ ምን ሆነሃል?» አሉት።

መንዳት ሳያቆም ነገራቸው። ሪቅቃ ገበያው ሲደርስ ዘንቢላቸውን አነሱ። ሊወርዱ ሲሉ ብረቱን ይዘው ቆሙ።

«ከግቢዬ ኋላ ያለችው ቤት ባዶ ናት። ባለቤቴ ለብርቱካን ማሸጊያ ብሎ የሠራት ናት፤ በኋላ መታጠቢያ አስገብተንባት ስናከራያት ኖረናል። አንድም ደረጃ የላትም። ልጅህን አምጣው።»

«ጌቬረት ሪቅቃ፣ እንዴት አድርጌ...»

«አንተ እኔ እስክቀመጥ ስንት ዓመት ጠብቀኸኛል» አሉት። «አሁን ደግሞ ልጅህ እስኪቆም እኔ ልጠብቀው።»

ብለው ወረዱ። ደጀን ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን መዝጋት ረስቶ ሊሄድ ነበር።

ራፋኤል ወደ ትንሿ ቤት ተዛወረ። አለምወርቅ ጠዋት ወደ ሥራዋ ወደ አረጋውያን ቤት ከመሄዷ በፊት፣ ማታም ከተመለሰች በኋላ ምግብ ታመላልስለት ጀመር። ልጁ ግን ከተዛወረ ወዲህ ባሰበት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መጥታ «አጥንቱ እየገጠመ ነው፤ ካልረገጥክበት አይጠነክርም፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መራመድ አለብህ» ትለዋለች። «በሰደር፣ እሺ» ይላታል። እሷ ስትወጣ ክራንቹን ከአልጋው ሥር ይወረውረዋል። እናቱ ለመነችው፣ አባቱ ተቆጣው፤ ለሁለቱም አንድ ቃል አልመለሰም። አለምወርቅ ባዶ ሳህን ይዛ በመተላለፊያው ስትመለስ «ልጄ ቤት ሄዷል ወይስ መቃብር?» ትል ነበር።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብንያም መጣ። ብንያም አብሮት በውትድርና ያገለገለ ጓደኛው ነው፤ ኮምፒውተሩን በሁለት እጁ ታቅፎ ከባቡር ጣቢያ በደጀን አውቶቡስ ነበር የመጣው። ገብቶ ከራፋኤል ጋር ትንሽ ቆየና ወጥቶ ደጀንን ግቢው ውስጥ አገኘው።

«አባ ደጀን፣ ራፊ በኢንተርኔት የሚጫወታት ጨዋታ አለች። አምስት ሆነን ነው የምንጫወተው፣ ሁላችንም በየከተማችን። እኛ እንዋጋለን፣ እሱ ደግሞ ፈዋሻችን ነው። ስንቆስል የሚያድነን እሱ ነው። እሱ ከታመመ ጀምሮ ግን አንድም ምሽግ አላለፍንም፤ እያለቅን ነው። ትርፉን ኮምፒውተሬን አመጣሁለት። ግን እዚህ ኢንተርኔት የለም።»

ደጀን ከነገሩ ግማሹ አልገባውም። አንድ ነገር ግን ገባው፤ ልጁን የሚጠብቁት ሰዎች አሉ።

«እንዲመለስ ይፈልጋል?»

«አላለኝም። ግን ኮምፒውተሩን ሳስቀምጥ ፊቱን መለሰ።»

«እንግዲያው ለኢንተርኔቱ እኔ አለሁ» አለ ደጀን። እንዴት እንደሚሆን ሳያውቅ ነበር ያለው።

አለምወርቅ ስትሰማ አልወደደችውም። «እግሩ ለተሰበረ ልጅ ጨዋታ? ጸሎት ይሻለዋል።»

«ጸሎቱን አንቺ ቀጥዪ፣ ሽቦውን ለእኔ ተዪልኝ» አላት።

ሽቦ ግን አልሆነም። ትንሿ ቤት የስልክ መስመር የላትም፤ አዲስ መስመር ለማስገባት ደግሞ የስልክ ድርጅቱ ብዙ ጠብቁ አላቸው። ከሦስተኛ ፎቅ ገመድ እንዳይዘረጋ በመካከሉ የሕዝብ መተላለፊያ አለ፤ ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ሲያልፍ ይበጥሰዋል። የቀረው ቤታቸው ያለውን ገመድ አልባ ኢንተርኔት በአየር ማሻገር ነበር። ደጀን ኢንተርኔቱን የሚያሰራጨውን ራውተር ከሳሎን አንስቶ ሚርፔሴቱ ላይ፣ ማለትም በበረንዳው ጠርዝ አጠገብ አስቀመጠው። ከግቢው ሆኖ ሲታይ ሲግናሉ ደህና ነው፤ ወደ ቤቷ ሲገቡ ግን ይጠፋል። የሪቅቃ ባል ግንበኛ ስላልነበሩ ስስት አላወቁም፤ ግድግዳውን በሲሚንቶና በብረት መረብ አጅለው፣ ጣራውን በቆርቆሮ አልብሰው፣ ጦር እንዳይበሳው አድርገው ነው የሠሩት። ደጀን ሲግናሉን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ትንሽ ዕቃ ከገበያ ገዝቶ መስኮቱ ላይ ተከለ። ኢንተርኔቱ ገባ። ራፋኤል ተነስቶ ተቀመጠ። ኮምፒውተሩን ከፈተ፤ ጥቂት እንደተጫወተ መልሶ ከደነው።

«ምነው?»

«ላግ ነው አባ» አለ። ለአባቱ በሳምንት ውስጥ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር። «ፈውስ ብዬ ሳዝዝ ትእዛዙ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። እስኪደርስ ሰውየው ሞቷል። ተወው፣ አይሆንም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ደጀን ግን የልጁን ድምፅ ሰምቷልና ከእንግዲህ የሚመልሰው አልነበረም።

መሐል ሀደራ፣ ከገበያው አጠገብ፣ ጊል የሚባል ሰው የመገናኛ ዕቃዎች ሱቅ ነበረው። ደጀን ከሥራ በኋላ የአውቶቡስ ነጂ ልብሱን እንደለበሰ ገባና ነገሩን ከሥሩ አስረዳው፤ ስለ ግድግዳው፣ ስለ መተላለፊያው፣ ስለ ልጁ እግር፣ ስለ ፈውሱ መዘግየትም ሳይቀር። ጊል ሳያቋርጠው አዳመጠ። ከዚያ ወረቀት ላይ ሁለት ሣጥን ሣለለት።

«ሲግናልህን እንደ አምፖል ወደ ሁሉም አቅጣጫ እየበተንከው ነው» አለው። «የሚያስፈልግህ እንደ ባትሪ መብራት ወደ አንድ ቦታ የሚያመለክት አንቴና ነው። አንዱ በረንዳህ ላይ፣ ሌላው ከትንሿ ቤት ውጭ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ። ከውጭኛው አንቴና ገመድ ታወርድና በመስኮት ታስገባለህ። ግድግዳው ያኔ ምንም አያደርግህም። ዋናው ነገር፣ በመካከላቸው አንዳች እንዳይኖር።»

ደጀን አንቴናዎቹን ሲያነሳ ጊል ጃኬቱን አደረገ። «ብቻህን አትችለውም። እኔም ወደ ቤቴ መንገዴ ነው» አለው። ቤቱ በሌላ አቅጣጫ እንደሆነ ደጀን የሰማው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ጊል በረንዳው ላይ፣ ደጀን ከትንሿ ቤት ጣራ ጠርዝ ሥር ሆነው፣ ሪቅቃ በመካከል ቆመው የአንዱን ቃል ለሌላው እያስተላለፉ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሱ። የግቢው አቮካዶ ዛፍ ስለሚጋርድ የበረንዳውን አንቴና እስከ ግራው ጥግ ድረስ መውሰድ ነበረባቸው። ራፋኤል ገመዱን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘ። ደጀን ከበሩ ውጭ ቆሞ ያዳምጣል።  ከዚያ ከኮምፒውተሩ የብዙ ወጣቶች ድምፅ ባንድ ጊዜ ፈነዳ፤ «ራፊ! ራፊ መጣ! ራፊ፣ የት ነበርክ?» የልጁን ድምፅ፣ የዛገ መስሎ፣ «እዚሁ ነኝ» ሲል ሰማ።

ጊል ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ምሽት ምሽት ከትንሿ ቤት ሳቅ ይሰማ ጀመር። ሪቅቃ «ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚህ ግቢ ሰው ሲስቅ አልሰማሁም» ብለው መስኮታቸውን ከፍተው ይቀመጡ ነበር። ነገር ግን አንድ ያልተፈታ እንቆቅልሽ ነበረ። አንዳንድ ቀን ኢንተርኔቱ ያለ ምንም ምክንያት ይሞታል። ዝናብ የለ፣ ነፋስ የለ፣ ድርግም ይላል። ደጀን አንቴናውን ያያል፣ ገመዱን ያያል፤ ምንም የለውም። ቆይቶ ራሱ ይመለሳል።

ምስጢሩ የተገለጠው አለምወርቅ ዕረፍት በነበረች ዕለት ነው። አንሶላ አጥባ በረንዳው ላይ እያሰጣች ሳለ ከታች ከትንሿ ቤት የራፋኤል ጩኸት ተሰማ።

«ሞቱ! ሁሉም ሞቱ! ኧረ ሁሉም አለቁ!»

አለምወርቅ የልብስ መቆንጠጫውን ዕቃ ከነሙሉው ወደ ታች ለቀቀችው። «ማን ሞተ? ወይኔ ልጄ፣ ማን ነው የሞተው?» እያለች በባዶ እግሯ ደረጃውን ወረደች። ደጀን ተከተላት። ትንሿ ቤት ሲደርሱ ራፋኤል አልጋው ላይ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። «ዘንዶው ጋ ደርሰን ነበር እኮ ኢማ! ልክ ዘንዶው ጋ ስንደርስ ተቋረጠ!»

አለምወርቅ ዘንዶው በጨዋታው ውስጥ ያለ እንደሆነ እስኪገባት ጊዜ ወሰደባት። ሲገባት ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ደጀን ግን ከበሩ ላይ ሆኖ ወደ ሦስተኛ ፎቅ እያየ ነበር። ከአንቴናው ፊት፣ እንደ ግድግዳ፣ እርጥብ አንሶላቸው ተንጣልሎ ውሃ ያንጠባጥባል።

«አለምወርቅ» አላት፤ «የገደልሻቸው አንቺ ነሽ።»

እርጥብ ጨርቅ ሲግናሉን እንደሚውጠው ጊል በስልክ አረጋገጠላቸው። ራፋኤል ሳቁ አፈነው። እናቱ ልጇ ዐይኑ እንባ እስኪያቀር ሲስቅ ስታይ ቁጣዋን የት እንዳደረሰችው አላወቀችም፤ አብራው ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልብስ ባጠበች ቁጥር በረንዳው ላይ ቆማ ወደ ታች ትጣራለች።

«ራፋኤል! ላስጣ ወይስ ትዋጋላችሁ?»

«ትንሽ ቆዪ ኢማ!» ይላታል። ወይም «አሁን አስጪ!» ይላታል። አንድ ቃል ያልመለሰላት ልጅ በቀን ሦስቴ አራቴ ከማዶ ያናግራት ጀመር። አለምወርቅ ያን ክረምት ያጠበችውን ያህል ልብስ በሕይወቷ አጥባ አታውቅም።

እግሩን መርገጥ ግን አሁንም እንቢ ብሏል። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ፤ ከዚያ ያለፈ አልነበረም።

በጥር መጨረሻ ብርቱ ማዕበል መጣ። ከባሕሩ በኩል የተነሳው ነፋስ የጣቢያውን መጠለያ እያናወጠ፣ መንገዱ ሁሉ ውሃ ሆኖ ዋለ። ደጀን እየነዳ ስለ አንቴናው ያስብ ነበር። ነፋሱ እንደሚያዞረው አውቋል፤ ምሽቱ ደግሞ እነራፋኤል ለሳምንታት የተዘጋጁለት ትልቁ ውጊያ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ዝናቡ ወደ ካፊያ ተመልሶ፣ ገና ብርሃን ነበር። ወደ ቤት ሳይወጣ በቀጥታ ወደ ሪቅቃ ግቢ አመራ። በሩን ገፋ አድርጎ ሳይገባ ቆመ።

ራፋኤል ከቤቱ ውጭ ነበር። በቀለበቱ ላይ የፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ፣ ጭቃው ላይ በሁለት እግሩ ቆሟል። አንድ ክራንች በብብቱ ይዟል፤ በሌላኛው ከጣራው ጠርዝ ሥር ያለውን አንቴና እየገፋ ወደ በረንዳው ሊመልሰው ይታገላል። ትንሿ ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ሪቅቃ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ኮምፒውተሩ ላይ የሲግናሉን መስመሮች ይቆጥራሉ።

«አንድ መስመር!» ይላሉ። «አሁንም አንድ... ሁለት! አይ፣ ጠፋ! ወደ ግራ ልጄ፣ ወደ ግራ!»

«የኔ ግራ ወይስ የእርስዎ ግራ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሦስት የሚለው ግራ!»

ራፋኤል ለመድረስ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ተንገዳገደ። ደጀን ሮጦ ሊይዘው ተነሳና በሩን ጨብጦ ራሱን አቆመ። ልጁ በብረት የታሰረውን እግሩን ረግጦ ተደላደለ፣ ሌላ እርምጃ ጨመረ፣ ክራንቹን አንስቶ አንቴናውን ቀስ አድርጎ ነካ።

«አራት!» ብለው ጮኹ ሪቅቃ። «አራት ሆነ! አትንካው! ማንም እንዳይነካው!»

የደጀን ፊት በዝናብ ይሁን በእንባ መራሱን ማንም ሊለየው አይችልም ነበር። ሐኪም፣ እናት፣ አባት ለምነው ያቃታቸውን፣ ያዘነበለ አንቴናና የሚጠብቁት ጓደኞቹ አደረጉት። ልጁ ዞር ሲል አየው።

«አባ፣ እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«አሁን መድረሴ ነው» አለ ደጀን።

ከዚያ በኋላ ራፋኤል በየቀኑ አንቴናውን «ለማየት» ይወጣ ነበር። ደጀን አንቴናውን በማግስቱ እንዳይነቃነቅ አድርጎ አጥብቆታል፤ መታየት አያስፈልገውም። ነገር ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዘዴውን ያሻሻለችው አለምወርቅ ናት። አንድ ፀሐያማ ቀን አንዲት አንሶላ ብቻ ውሃ ነክራ፣ ሳትጠራ ሳታስፈቅድ፣ አንቴናው ፊት ሰቀለችና መጋረጃው ጀርባ ተደበቀች። ራፋኤል በክራንቹ ወደ ግቢው መሐል ወጣ።

«ኢማ! አንሶላውን አንሺልኝ!»

ዝም አለች። እስከ ግቢው በር መጣ። «ኢማ!» አሁንም ዝም። በሩን ከፍቶ፣ መተላለፊያውን ተሻግሮ፣ ከሕንጻው ሥር ቆሞ ጮኸ። ያን ጊዜ ብቅ አለች።

«ወይ ልጄ፣ አልሰማሁህም እኮ! አሁን አነሳዋለሁ» አለች። አንስታም ወደ ውስጥ ገብታ አንሶላውን ፊቷ ላይ ይዛ አለቀሰች። ራፋኤል ዘዴውን በሦስተኛው ቀን ደረሰበት፤ መምጣቱን ግን አልተወም።

ደጀን ለጨዋታው ጓደኞች ምስጋና ሳያደርስ ማደር አልሆነለትም። አንድ ምሽት ውጊያው ሳይጀመር ገብቶ «አናግረኝ ከነሱ ጋር» አለው ልጁን። ራፋኤል እያፈረ ማይክሮፎኑን ሰጠው። ደጀን ዕብራይስጡን እንደ ውሃ የሚናገር ሰው፣ የዚያን ሰዓት አንደበቱ ተሳሰረና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጆቼ» አለ በአማርኛ። ራፋኤል ተረጎመላቸው።  ከዚያ አንዲት ልጅ መለሰች። ስሟ ኤሊኖር ነው፤ ኤላት ውስጥ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ፣ ውጊያውን የምትመራ እሷ ናት።

«አባ ደጀን፣ ምስጋናው ለእኛ አይገባም» አለችው። «ስንወድቅ አዝሎ የሚያወጣን ራፊ ነው።»

ደጀን ማይክሮፎኑን ይዞ ቆመ። ምን እንዳሰበ ራፋኤል አላወቀም፤ አባቱ ማይክሮፎኑን መልሶለት፣ ራሱን ዳብሶት ወጣ። ወደ ቤቱ ሲወጣ ለአለምወርቅ «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ሲሉ፣ ዐይን ለዐይን መተያየት ያስፈልጋል ብዬ ነበር የማስበው» አላት።

የካቲት አልፎ መጋቢት ሲገባ ብረቱ ተፈታ። ብንያም፣ ኤሊኖርና የቀሩት ሁለቱ በባቡር ሀደራ ምዕራብ መጡ፤ ደጀን በገዛ አውቶቡሱ አሳፍሮ፣ ሁሉም እስኪቀመጡ ጠብቆ አመጣቸው። ከራፋኤልና ከብንያም በቀር እርስ በርሳቸው በድምፅ እንጂ በመልክ ስለማይተዋወቁ ግቢው ውስጥ አንዱ ሌላውን በአነጋገሩ እየለየ ሲሳሳቁ ዋሉ። ለጊልም ደውለውለት ሱቁን ዘግቶ መጣ። ራፋኤል ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ማንም ሳይደግፈው፣ በየፎቁ እያረፈ፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። አለምወርቅ በሩን ከፍታ ስትጠብቅ ከላይ ሆና እልል አለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ከፈተ።

በብርድ ቀን ትንሽ ያነክሳል፤ እስከ ዛሬም ያነክሳል። የዚያኑ ዓመት ሃይፋ ገብቶ ሒሳብ ተማረ፣ አሁን እዚያው ይሠራል። ምሽት ሲመቸው ይጫወታል።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ አለምወርቅ «ሪቅቃን ለበዓሉ እራት ወደ ቤታችን እንጥራ» አለች። ደጀን ሄዶ ጠራቸው። ሪቅቃ እጁን ይዘው አመሰገኑት፤ ከዚያ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ቀና ብለው አዩ።

«ደጀን፣ እኔ እኮ ከእንግዲህ ደረጃ የምወጣ ሴት አይደለሁም» አሉት።

ደጀን ተመልሶ ወጣና ለቤተሰቡ ነገራቸው። «እሳቸው ካልወጡ እኛ እንወርዳለን» አለች አለምወርቅ፤ ሌላ ምክር አላስፈለገም። ረጅሙን ጠረጴዛ ደጀንና ከታችኛው ፎቅ ያለ ጎረቤት ይዘው አወረዱት። ቂጣው፣ ድስቱ፣ ጽዋው ተከተለ። ሪቅቃ ነጭ የጠረጴዛ ልብሳቸውን አውጥተው፣ ከአቮካዶው ሥር ጠረጴዛው የት እንደሚሆን ያዛሉ፤ «ወደ ግራ፣ አይ፣ ወደዚህ» እያሉ።

የቀረው ወንበር ነበር። አለምወርቅ ሳህን ይዛ መተላለፊያው ላይ ስትደርስ፣ ራፋኤል በሁለት ትከሻው ሁለት ወንበር አንግቦ፣ ደረጃውን ቀስ እያለ ሲወርድ አየችው። «ልጄ፣ አንዱን ስጠኝ» ልትል ነበር፤ ተወችው። ለእሱ መንገድ ለቀቀችለት። ወንበሮቹን አደረሰና ላቡን ጠርጎ፣ የቀሩትን ሊያመጣ ወደ ላይ ተመለሰ።